የነርቭ ሴል ቆዳ አይለጠጥም

ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፋችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ፣ ልክ ያኔ ስልክ ተደውሎባችሁ ያውቃል? ወሬው ረዘም ካለ ስትመለሱ ሳህኑ ውሃ አቁሯል። ማንም ውሃ አልጨመረበትም። ከቲማቲሙ ሴሎች ወጥቶ ጨው ወዳለበት የሄደ ውሃ ነው። ቋንጣ ስትዘለዝሉም ያው ነው። ሥጋው ጨው ሲነካው ውሃውን ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ደንቡ አጭር ነው። በቀጭን ሽፋን ግራና ቀኝ ውሃ ካለ፣ ውሃው የተሟሟ ነገር ወደበዛበት ጎን ይሄዳል። ትምህርት ቤት «ኦስሞሲስ» ብለን ሸምድደን፣ ፈተና ላይ ጽፈን፣ ረስተነዋል። ጭንቅላታችን ውስጥ ያሉት ሴሎች ግን ለአፍታም ሊረሱት አይችሉም። ከረሱት ወይ እንደ ቲማቲሙ ይሟሽሻሉ፣ ወይ አብጠው ይፈነዳሉ።

ስለዚህ የነርቭ ሴል ሁለት ሂሳብ ይይዛል። አንዱ የይዘት ሂሳብ ነው፤ ውስጤ ምን ያህል ውሃ ይኑር የሚል። ሌላው የስፋት ሂሳብ ነው፤ የሚሸፍነኝ ቆዳ ምን ያህል ይሁን የሚል። ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ። ፊኛ ሲነፋ ሆዱም ቆዳውም አብሮ ይሰፋ የለ? የሴል ነገር ግን እንደ ፊኛ አይደለም። የመጀመሪያው ሂሳብ በጨው ይከፈላል፣ ሁለተኛው ደግሞ፣ ኋላ እንደምናየው፣ በጨርቅ።

ከውሃው እንጀምር።

ለምን አይፈነዳም?

ሴል ውስጥ ወጥተው መሄድ የማይችሉ ብዙ ነገሮች ታጭቀዋል። ፕሮቲኑ አለ፣ ዲኤንኤው አለ፣ አርኤንኤው አለ። ሽፋኑን አልፈው እንዳይወጡ ግዙፍ ናቸው። ብዙዎቹ ደግሞ ኔጋቲቭ ቻርጅ ተሸክመዋል። ኔጋቲቭ ፖዘቲቭን ይስባል። ከውጭ ፖዘቲቭ አዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ይገባሉ። አዮን ሲገባ ውሃ ይከተለዋል፣ ውሃ ሲገባ ሴሉ ያብጣል። ይህ ነገር ዝም ከተባለ መቆሚያ የለውም።

የዕፅዋት ሴል በዚህ አይጨነቅም። ዙሪያውን ጠንካራ ግድግዳ ስላለው ውሃው ቢገፋም አይፈርስም። እንዲያውም ጎመን ውሃ ሲያገኝ ቀጥ የሚለው በዚሁ ግፊት ነው። ኩሬ ውስጥ የሚኖረው ባለ አንድ ሴሉ ፍጥረት ፓራሚሲየም ደግሞ የገባበትን ውሃ እየሰበሰበ ወደ ውጭ የሚተፋ የራሱ ከረጢት አለው። የእኛ ሴል ግድግዳም የለው፣ መትፊያም የለው። ያለው ፓምፕ ነው።

ይህን ፓምፕ በ1957 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ለዓለም ያሳወቀው ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ነው። የተጠቀመው የሸርጣን እግር ነርቭ ነበር። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ1997፣ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። (ሰውየው ዕድሜ ሰጥቶት ደረሰበት።) የፓምፑ ሥራ ሲታይ የሞኝ ሥራ ይመስላል። 3 ሶዲየም ያወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል፣ ለዚህም አንድ ኤቲፒ የተባለ የነዳጅ ቅንጣት ይከፍላል። የወጣው ሶዲየም በቀዳዳ ሾልኮ ይመለሳል። ፓምፑ እንደገና ያወጣዋል። ቀን ከሌሊት ይኸው ነው።

ግን ሂሳቡን ተመልከቱት። ውስጥ መውጣት የማይችሉ ፕሮቲኖች አሉ። ፓምፑ ደግሞ ሶዲየምን ውጭ አቆይቶ፣ መግባት እንደማይችል ነገር ያደርገዋል። ውስጥም ውጭም እስረኛ አለ ማለት ነው። የሚዛኑ ሁለት ጎኖች ሲስተካከሉ ውሃው ወዴትም የሚሄድበት ምክንያት ያጣል። ከሴሉ ውጭ የሶዲየም መጠን በሊትር 145 ሚሊሞል (የቅንጣት ብዛት መለኪያ ነው) አካባቢ ሆኖ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ብቻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፓምፑ በትምህርት ቤት ሲወሳ «ነርቭ ኤሌክትሪክ እንዲኖረው» ተብሎ ነው የሚጀመረው። ውሸት አይደለም። ለእኔ ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል። ቀይ የደም ሴልም ይህ ፓምፕ አለው፤ ለማንም መልእክት አያስተላልፍም። መጀመሪያ አለመፈንዳት ነው። ከዚያ የተረፈውን የአዮን ልዩነት ነርቮች ለወሬ ማቀበያ አዋሉት።

ወጪው ቀላል አይደለም። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ 20 በመቶ የሚሆነውን ኃይል ይበላል። ከዚህ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የገባን አዮን መልሶ ማስወጣት ነው።

የፓምፑን ጠላት ለማየት ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። መረንዝ የምንለው ዛፍ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ፣ ሳይንሳዊ ስሙ አኮካንቴራ ሺምፔሪ ነው። ሺምፐር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን ኖሮ፣ ዕፅዋት ሲሰበስብ አርጅቶ፣ አድዋ የሞተ ጀርመናዊ ነበር። ከዚህ የዛፍ ወገን የሚቀመመው መርዝ በምሥራቅ አፍሪካ ፍላጻ ጫፍ ላይ ሲቀባ ኖሯል። ሶማሊዎች «ዋባዮ» ይሉታል። በ1888 አንድ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከአኮካንቴራ መርዙን ነጥሎ ሲያወጣ፣ ስሙን ከዚሁ ቃል ወስዶ «ዋባኢን» አለው። ዛሬ የዓለም ላብራቶሪዎች ሁሉ የሶማሊኛውን ቃል ሳያውቁት ይጠሩታል።

ዋባኢን የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ፓምፑ ላይ ከውጭ በኩል ተለጥፎ ይቀረቅረዋል። አዳኙ የሚፈልገው የልብ መቆምን ነው። ተመራማሪዎች ግን ይህንኑ መርዝ በሴል ላይ ያደርጉና ሴሉን ያዩታል። ሶዲየም ይጠራቀማል፣ ሚዛኑ ይዛባል፣ ሴሉ ቀስ በቀስ ያብጣል። ነገሩን ከሰው በፊት የደረሰበት እንስሳም አለ። በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖር ባለ ጋማ ትልቅ አይጥ የዚህን ዛፍ ቅርፊት ያኝክና ምራቁን ጎኑ ላይ ያለ ልዩ ፀጉር ላይ ይቀባዋል። የነከሰው ውሻ ወይ ክፉኛ ይታመማል ወይ ይሞታል። አይጡ ራሱ ለምን እንደማይሞት ሌላ ወሬ ነው።

ነዳጅ ሲቋረጥ

መርዝ ሳይኖርም ፓምፑ ሊቆም ይችላል። ስትሮክ አንዱ መንገድ ነው። የአንጎል ደም ስር ይዘጋል፣ ኦክስጅንና ስኳር ይቀራል፣ ኤቲፒ በደቂቃዎች ውስጥ ይሟጠጣል። ፓምፑ ቀጥ ይላል። ሶዲየም ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሶዲየም ብቻውን ሲገባ እብጠቱ ብዙም አይደለም። ፖዘቲቭ ነገር ብቻውን እየገባ ሊጠራቀም አይችልም፤ ቻርጁ ራሱ ይገፋዋል። ጣጣው የሚመጣው ኔጋቲቩ ክሎራይድ አብሮት ሲገባ ነው። ሶዲየምና ክሎራይድ ማለት እኮ የገበታ ጨው ነው። ጨው ከገባ ደግሞ ውሃ አለ። ሰላጣውን አስታውሱ።

በጤናማ አንጎል ውስጥ በሴሎች መካከል ያለው ክፍተት ከጠቅላላው ይዘት 20 በመቶ አካባቢ ነው። ደም የተቋረጠበት ቦታ ላይ ይህ ክፍተት ወደ 5 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። ውሃው ከመንገድ ላይ ተነስቶ ቤት ገባ ማለት ነው። ኤምአርአይ ይህን ማየት ይችላል። የውሃ ቅንጣቶች እንደ ልባቸው መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው የሚያሳይ የኤምአርአይ ዓይነት አለ፤ ሲቲ ስካን ገና «ሰላም ነው» በሚልበት ሰዓት እሱ ቦታውን ያሳያል።

በነገራችን ላይ፣ የነርቭ ሴል በዚህ ረገድ ከጎረቤቱ ጠንከር ያለ ነው። ውሃ በፍጥነት የሚያልፍበት በር የሆነ አኳፖሪን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ፒተር አግሬ በ2003 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ነው። አስትሮሳይት የሚባሉት የአንጎል ደጋፊ ሴሎች ይህ በር በብዛት አላቸው። የአንጎል ቅርፊት ትልልቅ የነርቭ ሴሎች ግን የሚሠራ የውሃ በር የላቸውም። የአይጥ አንጎል ቁራጭ የተነከረበትን ፈሳሽ ትንሽ ብታቀጥኑት አስትሮሳይቱ ያብጣል፣ የነርቭ ሴሉ ግን ይዘቱን ይዞ ይቆያል። በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ስትሮክ ሲመጣ የሚሸነፈው ጨው ራሱ ውስጥ ስለገባ ነው።

ያበጠ ሴል እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ውሃን በቀጥታ ማስወጣት አይችልምና የተሟሟውን ነገር ይጥላል። ፖታሲየምና ክሎራይድ ይለቃል፤ ውሃውም ተከትሎ ይወጣል። ሲያብጥ ብቻ የሚከፈት የክሎራይድ በር እንዳለ ለአሥርተ ዓመታት ይታወቅ ነበር፤ ከምን እንደተሠራ ግን አይታወቅም። በ2014 ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ ካሊፎርኒያ ሌላው በርሊን፣ ዋናውን ፕሮቲን ለየብቻ አገኙት።

ግን አንጎል ኮንዶሚኒየም ነው። በሴልና በሴል መካከል ያለው ርቀት በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፣ የሚቆጠር ነው። አንዱ ሴል ፖታሲየሙን ከበሩ ውጭ ሲደፋ ጎረቤቱ ይነቃቃል፣ ሳይጠራ መተኮስ ይጀምራል። ግሉታሜት ከሆነማ የባሰ ነው፤ እሱ ራሱ የማነቃቂያ መልእክት ነው። አንጎል ሲያብጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ እብጠቱ ከሰዓታት በላይ ሲቆይ አንጎል ጎረቤት የማያስቆጡ ነገሮችን መጣል ይመርጣል፤ ታውሪንን፣ ኢኖሲቶልን፣ የመሳሰሉትን።

ይህ ነገር ሆስፒታል ውስጥ ፊት ለፊት ይመጣል። የደም ሶዲየም ጤናማ መጠን ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል በሊትር ነው። ከዚህ ሲወርድ ደሙ ይቀጥናል፣ ውሃውም ወደ አንጎል ሴሎች ይሄዳል። በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶው ሶዲየማቸው ወርዶ ተገኝቷል። ሞቃት ስለነበረ አይደለም፣ ውሃ ስላጡም አይደለም። በሩጫው ላይ ከመጠን በላይ የጠጡት ነበሩ በብዛት የተጎዱት። «ውሃ ምን ይጎዳል?» የሚባለው ሁልጊዜ አይሠራም። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ንጹህ ውሃ አትስጡ የሚባልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ኩላሊቱ ገና ስላልጠነከረ ትርፉን ውሃ ቶሎ አያስወጣም።

አሁን ደግሞ የነገሩ ጠመዝማዛ። አንድ ሰው ሶዲየሙ ለቀናት ወርዶ ቆይቶ ሆስፒታል ገባ እንበል። አንጎሉ በነዚህ ቀናት ታውሪኑንም ኢኖሲቶሉንም ጥሎ ከቀጭኑ ደም ጋር ተስማምቷል። እብጠቱ ቀንሷል። ሐኪሙ ተጨንቆ ጨዋማ ግሉኮሱን ለቀቅ ቢያደርገውና ሶዲየሙ ባንድ ቀን ወደ ጤናማው ቢመለስስ? ወረቀት ላይ ድል ነው። አንጎሉ ግን የጣለውን ዕቃ በዚያ ፍጥነት መልሶ ማምጣት አይችልም። አሁን ውጩ ጨዋማ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ሴሎቹ እንደ ቲማቲሙ ይሟሽሻሉ። ከሁሉም በላይ የሚጎዱት የነርቭ ሽቦዎችን በስብ የሚጠቀልሉት ሴሎች ናቸው፤ ጉዳቱም ከቀናት በኋላ መናገር አለመቻልና ሽባነት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ የሕክምና መመሪያዎች ቆይቶ የነበረ የሶዲየም ማነስ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሚሊሞል በላይ እንዳይስተካከል የሚያዝዙት። ነርሷ ጠብታውን ስትቆጥር አይታችሁ «ለምን አታፈጥኑትም?» ብላችሁ ከሆነ፣ መልሱ ይህ ነው።

ቆዳውስ?

የውሃው ሂሳብ ይህን ይመስላል። እስካሁን ግን ስለ ቆዳው ምንም አላልንም። የሴሉ ሽፋን፣ ሜምብሬን የሚባለው፣ ከሁለት ንብርብር ስብ የተሠራ ነው። ውፍረቱ 5 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ፈሳሽ ነገር ነው፤ ስቦቹ እንደ ዘይት ይንሸራተታሉ። ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል። መለጠጥ ግን አይችልም። ስፋቱ ከ2 እስከ 4 በመቶ ያህል ከጨመረ ይቀደዳል። አለቀ።

ይህን ቁጥር ከይዘቱ ጋር ስናስተያየው ነው ጉዱ የሚታየው። ሴሉ ፍጹም ክብ ቢሆንና ቆዳው 3 በመቶ ቢለጠጥ፣ ይዘቱ የሚያድገው 4 ነጥብ 5 በመቶ ብቻ ነው። 30 በመቶ ማበጥ ቢፈልግ ደግሞ 19 በመቶ ተጨማሪ ቆዳ ያስፈልገዋል። ከየት ይምጣ?

ከፊሉ መልስ ቅርጹ ውስጥ አለ። ያንኑ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሊጥ ድፎ ብትደፉት ቅርፊቱ ትንሽ ነው። እንጀራ አድርጋችሁ ብትዘረጉት ምጣዱን ሁሉ ይሞላል። ሊጡ ያው ነው፤ የተለወጠው ፊቱ ነው። የነርቭ ሴል ከእንጀራም ይብሳል። ከወገባችን እስከ እግር ጣታችን የሚወርድ አክሰን፣ ማለትም የሴሉ ሽቦ፣ 1 ሜትር ያህል ይረዝማል። ውፍረቱን 1 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ)፣ የሴሉን ዋና አካል ደግሞ ባለ 20 ማይክሮን ክብ አድርገን እናስላው። የሽቦው ይዘት የዋናውን አካል 190 እጥፍ ያህል ይሆናል። የቆዳው ስፋት ግን 2,500 እጥፍ ነው። አንድ ሴል ነው ይህን ሁሉ ቆዳ የሚያለብሰው።

ቀጭን ሽቦ ቆዳው ከይዘቱ አንጻር ትርፍ አለው። ስለዚህ ሲያብጥ ክብ ክብ እየሆነ ተጨማሪ ውሃ ይይዛል፣ ቆዳ ሳይጨምር። ስትሮክ ያገኘው የነርቭ ሴል ቅርንጫፎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ መቁጠሪያ ጉብ ጉብ የሚሉት ለዚህ ነው። ዋናው አካል ግን ክብ ስለሆነ ይህ ትርፍ የለውም። እሱ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል።

ልጅ ሆነን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲሰፋልን እናቶቻችን ልብስ ሰፊውን «ከታች ትርፍ ተውለት» ይሉ ነበር። ሱሪው ሲያጥር እጥፋቱ ይፈታል። ሴልም ትርፍ ጨርቅ አለው። ከፊሉ ላዩ ላይ ተጨማዶ ይቀመጣል። ከፊሉ ደግሞ ውስጥ፣ ከዚያው ሽፋን በተሠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች መልክ ተከማችቷል። ቆዳ ሲፈለግ ከረጢቱ መጥቶ ከሽፋኑ ጋር ይዋሃዳል። ቆዳ ሲበዛ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይጎደጉድና ከረጢት ሆኖ ተቆርጦ ይገባል።

ይህን እንዴት አወቁ? እዚህ ላይ በጣም የምወደው ብልሃት አለ። የሴሉ ቆዳ ስብ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ውስጡም ውጩም ጨዋማ ውሃ ነው፤ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ሁለት አስተላላፊ በቀጭን ከልካይ ሲለያይ የራዲዮ ጠጋኝ ወዲያው ያውቀዋል፤ ካፓሲተር ነው። ካፓሲተር የሚይዘው ቻርጅ ደግሞ በስፋቱ ልክ ነው። የሴል ሽፋን በካሬ ሴንቲሜትር 1 ማይክሮፋራድ አካባቢ ይይዛል፤ ይህ ቁጥር ከሴል ሴል ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሴሉን ነክሳችሁ የሚይዘውን ቻርጅ ከለካችሁ፣ ቆዳውን በሜትር እንደ መለካት ነው። በ1982 ኤርቪን ኔኸርና አላን ማርቲ ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ የተወሰዱ ሴሎችን በዚህ መንገድ ለኩ። ከረጢቶቹ ከቆዳው ጋር ሲዋሃዱ ልኬቱ እንደ ደረጃ ዘለል ዘለል እያለ ወጣ። አንድ ደረጃ፣ አንድ ከረጢት። ኔኸር የመስታወት ቱቦውን ዘዴ አብሮት ከፈለሰፈው ከበርት ሳክማን ጋር በ1991 ኖቤል ወሰደ።

ካናዳ ኦታዋ ውስጥ የነካትሪን ሞሪስ ቡድን ይህንኑ መለኪያ ይዞ ወደ ኩሬ ቀንድ አውጣ ዞረ። የቀንድ አውጣ የነርቭ ሴሎች ትልልቅ ናቸው፣ ለሥራ ይመቻሉ። ሴሉ መስታወት ላይ ተለጥፎ ተቀምጧል። ፈሳሹን በውሃ አቀጠኑት። ሴሉ አበጠ፣ ካፓሲተሩም ጨመረ፤ ማለትም አዲስ ቆዳ ተጨመረ። ከዚያ ፈሳሹን ወደ ቀድሞው መለሱት። ውሃው ወጣ፣ ሴሉ ቀነሰ። አሁን ቆዳው ለባለቤቱ ሰፋ። የታላቅ ወንድሙን ኮት እንደለበሰ ልጅ ሆነ። ተጨማዶ ይቀራል ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ አልቀረም። ከመስታወቱ ጋር በተጣበቀው የታች ጎኑ በኩል ትልልቅ ውሃ ያዘሉ ጉድጓዶች ወደ ውስጥ ተከፈቱ። ትርፉ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጠፈ ማለት ነው። ፈሳሹን እንደገና ሲያቀጥኑት ጉድጓዶቹ ጠፉ። ሲመልሱት ተመልሰው መጡ። ዝም ብለው ሲተዉት ደግሞ ሴሉ ቀስ እያለ አጸዳቸው።

ሴሉ ሜትር የለውም። ቆዳው መብዛት ማነሱን የሚያውቀው በመወጠሩና በመላላቱ ይመስላል። ሲወጠር ከረጢት መጨመር ይቀላል፣ ቆዳ መንጠቅ ይከብዳል። ሲላላ ተገላቢጦሽ። ከበሮ የሚወጥር ሰው ጣቱ ልኩን እንደሚነግረው ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ ሂሳቦች አንድ የሚመስሉት፤ የውሃው ግፊት ቆዳውን ይወጥራል፣ ውጥረቱ የቆዳውን ሂሳብ ያንቀሳቅሳል። ግን አንዱ በሌላው ቦታ መክፈል አይችልም።

ዝንቧ ለምን ወደቀች?

ማበጥ ሳይኖርም የቆዳው ሂሳብ ሥራ አይፈታም። የነርቭ ሴል ለጎረቤቱ መልእክት ሲልክ ኬሚካሉን የሚጭነው ከ40 እስከ 50 ናኖሜትር ስፋት ባላቸው ከረጢቶች ነው። ከረጢቱ ከሽፋኑ ጋር ሲዋሃድ ኬሚካሉ ይፈስሳል። ከረጢቱ ራሱስ? የቆዳው አካል ሆኖ ቀረ። 1 ማይክሮን የምታህል የነርቭ ጫፍ በሰከንድ 10 ከረጢት ብታፈነዳና ምንም ባትመልስ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ቆዳዋ እጥፍ ይሆናል። ከረጢቱም ያልቅባታል።

በ1973 ጆን ሂውዘርና ቶማስ ሪስ የእንቁራሪት ነርቭን ደጋግመው እያነቃቁ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ሽፋኑ ተመልሶ ወደ ከረጢትነት እንደሚገባ አሳዩ። ሴሉ ጨርቁን አይጥልም፤ ያጥባል፣ ያጥፋል፣ መልሶ ይለብሳል።

ይህ መመለስ ቢቆምስ? «ሺቢሬ» የምትባል የፍራፍሬ ዝንብ አለች፤ ቃሉ ጃፓንኛ ነው፣ መደንዘዝ ማለት ነው። በተለመደው ሙቀት ከሌሎች ዝንቦች አትለይም። ሙቀቱ 29 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ባለችበት ትወድቃለች። እግሯ አይንቀሳቀስም። ስታቀዘቅዟት ተነስታ ትሄዳለች። ችግሯ ዳይናሚን በተባለ ፕሮቲን ላይ ነው። ይህ ፕሮቲን ወደ ውስጥ የጎደጎደውን ቆዳ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ የጆንያ አፍ እንደሚቋጥር ሲባጎ፣ ያንቀውና ይቆርጠዋል። በዝንቧ ግን ሲሞቅ ይሰንፋል። ነርቮቿ ከረጢቱን ያፈነዳሉ፣ መመለስ ግን የለም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከረጢቶቹ አልቀዋል፤ ሽፋኑ ላይ ተቋጥረው ያላለቁ አንገቶች ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ሽባነት ሲባል ነርቭ መሞቱን ነው የምናስበው። የዚህችኛዋ ነርቭ አልሞተም። ጨርቁ ነው ያልታጠፈው።

የሚረዝም ሽቦ

የመጨረሻው ጉዳይ ማደግ ነው። የተቆረጠ የእጅ ነርቭ ሲያገግም በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ይሄዳል። ትንሽ ይመስላል። ሽቦው 1 ማይክሮን ውፍረት ካለውና ከረጢቱ 150 ናኖሜትር ከሆነ፣ በቀን ወደ 44,000 ከረጢት ይፈልጋል። በደቂቃ 31 ገደማ። እነዚህ የሚሠሩት ደግሞ ጫፉ ላይ ሳይሆን አከርካሪው አጠገብ ባለው ዋና አካል ውስጥ ነው። ከዚያ በሐዲድ ላይ ተጭነው ይመጣሉ። ፈጣኑ ጭነት በቀን እስከ 400 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ 1 ሜትር ለመጨረስ ሁለት ቀን ተኩል ነው።

ቆዳው ብቻውን ግን አይበቃም። ከሥሩ ስፔክትሪን በሚባል ተጣጣፊ ፕሮቲን የተያያዘ፣ በየ190 ናኖሜትሩ ቀለበት ያለው ድጋፍ አለ፤ የታየው በ2013 ነው። ይህ ድጋፍ የጎደለባቸው ጥቃቅን ትሎች ሲንቀሳቀሱ አክሰናቸው ይበጠሳል። እንዳይንቀሳቀሱ ቢደረጉ ይተርፋል። አለመለጠጥ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ታዲያ የልጅ እግር ሲያድግ ነርቩ ምን ይሆናል? ጫፉ ጣቱ ጋ ከተጣበቀ ቆይቷል፣ ሥሩ ወገቡ ጋ ነው። የሚረዝመው መሐሉ ነው፣ ከሁለቱም በኩል እየተጎተተ። በ2004 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ይህን በላብራቶሪ ሞክሮታል። ሁለት ጎን የተያያዙ አክሰኖችን በሞተር ቀስ ብለው ጎተቱ። መጀመሪያ ላይ በዝግታ ሲያለማምዷቸው ቆይተው፣ በኋላ በቀን 8 ሚሊሜትር ድረስ አረዘሟቸው፤ እስከ 10 ሴንቲሜትርም ደረሱ። አልተበጠሱም፣ አልቀጠኑምም። ውጥረቱን ተከትሎ አዲስ ቆዳ እየመጣ በየመሐሉ ይገባ የነበረ ይመስላል።

ልጁ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያየው ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ መቅረቱን ነው፤ እናቱም እጥፋቱን ልትፈታለት ምላጭ ትፈልጋለች።